ለመሐንዲሱ የደበቅሁት ስንጥቅ

ከእኔ ሌላ ይህን ነገር ከነሙሉ ታሪኩ የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ሦስቱም ዛሬ በሕይወት የሉም። የቀረው የአምቦ ሰው የሚያውቀው መጨረሻውን ነው። በክረምት የአንዲት መምህርት ቤት ወለል ተደርምሶ ሽባ አማቷ ለጥቂት ተረፉ ተብሎ ብዙ ተወርቷል። ከዚያ በፊት በነበሩት ጥቂት ሰዓታት እኔ ያደረግሁትን ግን ማንም አላወራውም፤ ከሦስቱ በቀር የሚያውቅም አልነበረም። አሁን እኔው ራሴ ልናገር።

ዘመኑ የሃምሳዎቹ መጨረሻ ነው። በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ የከተማችን ስም ሀገረ ሕይወት ተብሎ ይጻፋል፤ በአፋችን ግን ሁላችንም አምቦ ነው የምንላት። እኔ ከአዲስ አበባ ተመድቤ የመጣሁ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበርኩ፤ ዕድሜዬ ሃያ ስድስት። ባለቤቴ ቶለሳ የጎጆ ከተማ ሰው ነው። የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበር ከጎጆና ከካቺሲ ገብስና ድንች ሲያመላልስ አንዳንዴ ሳምንት ሙሉ ከቤት ይጠፋል። እናቱን አዴ ጫልቱን ግማሽ ጎናቸውን ሕመም ጥሏቸው አልጋ ላይ ሲውሉ፣ የጎጆ ብርድ አይስማማቸውም ብሎ ወደ እኛ አመጣቸው። ለእሳቸው ስንል ከዋናው ቤት ጎን አንዲት የጭቃ ክፍል ቀጠልን።

ያቺን ክፍል የሠራናት ያለ ፈቃድ ነው። ጎረቤታችን ጋሽ በቀለ አናጢም ግንበኛም ነው፤ ለአንዲት ክፍል ማዘጋጃ ቤት ደጅ መጥናት ጊዜ ማባከን ነው ብሎ በሁለት ሳምንት ውስጥ አቁሞ፣ ቆርቆሮ አልብሶ፣ መርጎ አስረከበን። እኛም ደስ አለን። ሁለት ክረምት ያለ ችግር አለፈ።

በሦስተኛው ክረምት የኩሽናው ጭስ እየገባ አዴ ጫልቱን ስላስቸገራቸው ራቅ አድርገን አዲስ ኩሽና ልንሠራ አሰብን። በዚያው ሰሞን ከላይኛው መንገድ አንድ ሰው ያለ ፈቃድ የሠራውን አጥር ማዘጋጃ ቤቱ አፍርሶበት ስለነበር ቶለሳ የአሁኑን በወረቀት እናድርገው አለ። ማመልከቻውን እኔ ጽፌ ማዘጋጃ ቤት አስገባሁ። የከተማው ፕላን ሠራተኛ ማክሰኞ ጠዋት መጥቶ ቦታውን እንደሚያይ ነገሩኝ። ይህ ሰው ስሙ አቶ ታፈሰ ነው፤ ከጎንደር ተዛውሮ ከመጣ ገና ጥቂት ወሩ ነበር። ሰፈሩ በስሙ አይጠራውም፤ መሐንዲሱ ነው የሚለው። መሐንዲሱ ቀይ ቀለም ይዞ ይዞራል፣ ግድግዳ ላይ ምልክት ካደረገ ያ ቤት አለቀለት ይባል ነበር። ቀለሙን ይዞ ያየው ሰው ግን ገጥሞኝ አያውቅም።

ቶለሳ እሑድ ዕለት ወደ ካቺሲ ወጣ። ሰኞ ጠዋት የአዴ ጫልቱን ክፍል ስጠርግ በግራ በኩል ያለው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ አየሁት። ጣት ያስገባል። የክፍሉም በር ካለፈው ሳምንት ጀምሮ አልገጥም ብሎ ነበር። ቀጥ ብዬ ወደ ጋሽ በቀለ ሄድኩ። እሱም መጥቶ አየውና፣ ዝናብ ነው፣ የጭቃ ቤት በክረምት እንዲህ ያደርገዋል አለ። ከስንጥቁ ይልቅ ያስጨነቀው የመሐንዲሱ መምጣት ነው።

«ይህን ካየ ክፍሏን ያለ ፈቃድ እንደሠራችሁ ያውቃል» አለኝ። «አንቺም ሥራሽ ላይ ይመጣብሻል፤ እኔም እጠየቃለሁ። ዛሬውኑ እንድፈነው።»

ደፈንነው። ጭቃ ረግጦ መረገው፣ በላዩ ላይ ኖራ ቀባው። ከዚያ ቁም ሳጥኑን ገፍተን ፊቱ ላይ አቆምነው። ይህ ሁሉ ሲሆን አዴ ጫልቱ አልጋቸው ላይ ሆነው ያዩናል። አንድ ነገር ደጋግመው ይሉ ነበር፤ ያን ሰሞን ሁሉ የሚሉት ነው። «ላፍቲ ኒ ዱበቲ» ይላሉ። መሬቱ ይናገራል ማለታቸው ነው። የእኔ ኦሮምኛ ያኔ ብዙም ባይሆን ይህን አላጣውም። ግን ሕመሙ ነው የሚያስወራቸው ብዬ አልፈው ነበር።

ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ዝናቡ እያካፋ አቶ ታፈሰ መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ጃንጥላ፣ የጎማ ቦት ጫማ፣ ሜትርና የተጠቀለለ ወረቀት ይዟል። ኩሽናው የሚሠራበትን ቦታ ለካ፣ ከአጥሩ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት አስረዳኝ፣ ጭሱ ወደ ጎረቤት እንዳይሄድ በሩን ወደየት ማዞር እንደሚሻል በእንጨት መሬት ላይ ሥሎ አሳየኝ። እንዲህ በደግነት የሚናገር ሰው አልጠበቅሁም ነበር። ፍርሃቴ ግን አልለቀቀኝም፤ ቶሎ በሄደልኝ እላለሁ በሆዴ።

ሊወጣ ሲል የአዴ ጫልቱ ክፍል በር ፊት ቆመ። መቃኑን ከላይ እስከ ታች አየው፤ በእጁም ነካው።

«ይህ በር አልገጥም ያለው ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ዝናብ እንጨቱን አሳብጦት ነው አልኩት። ግድግዳው ላይ ስንጥቅ አይታችኋል ወይ አለኝ። የለም አልኩ። ትኩስ ኖራ ይሸት ነበር፤ ለእኔ እንኳ ይሸተኛል። ትንሽ አየኝና ውስጥ ማን ነው ያለው አለ። አማቴ ናቸው፣ ታመዋል አልኩት። ከደፍ ላይ ሆኖ አንገቱን ብቅ አደረገና እጅ ነሳ፤ «አካም ጂርቱ» አላቸው። ከዚያ በላይ ኦሮምኛ እንደማያውቅ ከአነጋገሩ ያስታውቃል።

አዴ ጫልቱ ደህናዋን እጃቸውን ወደ ወለሉ ዘረጉ። ቀስ ብለው፣ ለልጅ እንደሚነገር አድርገው ነገሩት። መሬቱ ይናገራል፣ ከሥሬ ውኃ እሰማለሁ፣ ልጆቹ አይሰሙኝም አሉት።

አቶ ታፈሰ ወደ እኔ ዞረ። «ምን አሉ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን ነው የሚሉት» አልኩት።

እንዲህ ብዬ ተረጎምኩለት። እሱም ራሱን ነቀነቀ፣ ዓርብ ፕላኑን ሠርቼ አመጣለሁ ብሎ ጃንጥላውን ዘርግቶ ሄደ። አጥሩን ሲሻገር እፎይ አልኩ። ያቺን እፎይታ እስከ ዛሬ አልረሳትም።

ትንሽ ቆይቼ አጥሚት ይዤ ገባሁ። ለአዴ ጫልቱ ሰጥቼ፣ ሲጠጡ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ቀና ብዬ ሳይ ቁም ሳጥኑ ከግድግዳው ርቆ ወደ ፊት አዘንብሏል። ከኋላው ትናንት የተመረገው ጭቃ ገና ሳይደርቅ ለሁለት ተከፍሏል። አሁን እጅ ያስገባል። ሄጄ እጄን ሰደድኩ። ከታች ብርድ ያለው አየር መጣና መዳፌን ነካኝ። የጭቃ ፍርፋሪ ከጣቴ ስር ተፈንቅሎ ወረደ። ሲወድቅ አልሰማሁትም። ከቆይታ በኋላ፣ ከሩቅ፣ ውኃ ውስጥ ጠብ ሲል ሰማሁ።

መጀመሪያ ምን እንደሆነ አልገባኝም። ከዚያ ዞር ብዬ ወለሉን አየሁት። አልጋው ከጀርባው ግድግዳ ተጠግቶ ነው የቆመው፤ በሩ ከፊት ለፊት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ወለል እንደ ሳህን ጎድጉዶ ነበር። እኔ አጥሚት ይዤ በዚያ ላይ ተራምጄ ነው የመጣሁት። ዳር ዳሩን ወደ አልጋው ተመለስኩ። አዴ ጫልቱ እጄን ያዙኝ። ፊቴን አይተው ምን እንዳየሁ ያወቁ ይመስለኛል። ላነሣቸው ሞከርኩ። ግዙፍ ሴት ናቸው፣ ግማሽ አካላቸውም አይታዘዝም። ከወገባቸው ከፍ ሳደርጋቸው አልጋው ጮኸ፤ ከወለሉም ስር አንድ ነገር ቀጭ አለ። መልሼ አስተኛኋቸው።

«ሀርሜ፣ ሰው ልጥራ፤ እመጣለሁ» አልኳቸው በኦሮምኛ፤ ሀርሜ እናቴ ማለት ነው።

እጄን ለቀቁኝ። ጀርባዬን ከቀኙ ግድግዳ ጋር አጣብቄ፣ እግሬን እያንሸራተትኩ፣ ትንፋሼን ይዤ ወጣሁ። አምስት እርምጃ የማይሞላ ቦታ ነው። ጉዞው ግን አልልቅ አለኝ።

ጋሽ በቀለን ጠራሁት፤ እየሮጠ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ውስጡን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። ቢሆንም ልግባ አለና አንድ እግሩን አስቀደመ። ወለሉ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ዋጠው። መቃኑን ይዞ እግሩን ባይጎትት ኖሮ ይሄድ ነበር። መሬት ላይ ተቀመጠና መሠረቱን ሲቆፍር የበሰበሰ እንጨት እንዳገኘ፣ የድሮ የዛፍ ሥር መስሎት አፈር እንደሞላበት ነገረኝ። ለእኔም አልነገረኝም ነበር፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ከዚያ በኋላ ያለችው አንዲት መንገድ ነበረች። ጋሽ በቀለን ከበሩ እንዳይነቃነቅ፣ ከእሳቸው ጋር እያወራ እንዲቆይ ነግሬው በዝናቡ ውስጥ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሮጥኩ። ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ፤ አላነሣሁትም። እየሮጥኩ የማስበውን ብነግራችሁ ታፍሩብኛላችሁ። አማቴ ጉድጓድ አፍ ላይ ተኝተው እኔ ግን፣ ዋሽቻለሁ ስለው ምን ይለኛል፣ ከሥራ ያስወጡኝ ይሆን፣ ቤቱን ያፈርሱት ይሆን እያልኩ ነው የሮጥኩት። መሐል መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ቆሜያለሁ። እውነት ነው፣ ቆሜያለሁ። ጎረቤት ሰብስቤ በራሳችን ብናወጣቸውስ ብዬ አሰብኩ። የጋሽ በቀለ እግር ሲሰምጥ በዓይኔ ላይ መጣና እንደገና ሮጥኩ።

አቶ ታፈሰ እርጥብ ካፖርቱን ሰቅሎ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ ነበር። በባዶ እግሬ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኜ ገባሁ።

«ዋሸሁዎት» አልኩት። «ስንጥቅ አለ፤ ትናንት ነው የደፈንነው። አማቴም ደህና ነኝ አላሉዎትም። ከሥሬ ውኃ ይሰማኛል ነው ያሉዎት።»

ቁጣውን ጠበቅሁ። እሱ ግን የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው። «አሁን ከውስጥ ናቸው?» አዎ አልኩት። ከመደርደሪያው አንድ ያረጀ ትልቅ ወረቀት አውጥቶ ዘረጋ። ጣሊያን በወረራው ጊዜ ለጦር ሰፈሩ ያነሣው ፕላን ነው። በጣቱ መንገዱን ተከትሎ የእኛ ግቢ ጋ ሲደርስ ቆመ። ጣቱ ስር ትንሽ ክብ ነበረች።

«የውኃ ጉድጓድ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ሲለቁ በግንድ ከድነው አፈር አልብሰውታል ማለት ነው። ለኩሽና ስለተጠራሁ የያዝሁት አዲሱን ፕላን ብቻ ነበር። ይህንንም ማየት ነበረብኝ።» ከዚያ አልጋው በየት በኩል እንደቆመ፣ ግድግዳው ከምን እንደተሠራ ጠየቀኝና ሁለት የቀን ሠራተኞች፣ ገመድ፣ ጣውላና መጋዝ አስይዞ ወጣ። እኔ ልሩጥ ስል እሱ በፍጥነት እየተራመደ ስለ ክፍሉ ይጠይቀኛል። አሁን ሳስበው እኔን ለማረጋጋት ነበር።

ስንደርስ ጋሽ በቀለ በሩ ላይ ነበር። አዴ ጫልቱም በሕይወት አሉ። ቁም ሳጥኑ ግን የበለጠ አዘንብሏል።

አቶ ታፈሰ በበሩ ማንም እንዳይገባ ከለከለ። በጀርባ ዞረን፣ አልጋው ከተጠጋበት ግድግዳ ውጪ ቆምን። ጭቃውን በእጅ እየቦረቦርን እንድናወርድ፣ በዲጂኖም በመጥረቢያም እንዳንመታ አዘዘ፤ ምቱ ግንዱን ይነቀንቀዋል አለ። ከዚያ እኔን ወደ ግድግዳው አስጠጋኝ።

«ወይዘሮ አስናቀች፣ የምለውን አንዲት ቃል ሳያጎድሉ ይንገሯቸው። የሚሉትንም አንዲት ቃል ሳያጎድሉ ይንገሩኝ» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ በመምህርነቴም በእናትነቴም ብዙ ከባድ ነገር ሠርቻለሁ። እንደዚያ ግን የከበደኝ የለም። አፌን በጭቃው ላይ አድርጌ፣ ሀርሜ አይነቃነቁ፣ በጀርባ በኩል ልናወጣዎት ነው አልኳቸው። ከውስጥ ድምፃቸው ረግቶ መጣ። እሺ፣ ቀስ በሉ አሉ።

ጭቃው ወርዶ ማገሩ ሲታይ መጋዙ ጀመረ። ሠራተኞቹ ተራ በተራ እየተቀባበሉ፣ ሳይቸኩሉ ይገዘግዛሉ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። አንድ ቋሚ ወጣ። ሁለተኛው ላይ ሳሉ አዴ ጫልቱ ተናገሩ።

«በበሩ በኩል ያለው የአልጋው እግር ወረደ አሉ» አልኩ።

መጋዙን አስቆመ። «አንዱ ነው ሁለቱም?»

ጠየቅኋቸው። «አንዱ። ሌላውም እየተንቀጠቀጠ ነው አሉ።»

አቶ ታፈሰ በቀዳዳው እጁን አስገብቶ በእኛ በኩል ባሉት ሁለት የአልጋው እግሮች ላይ ገመድ አሰረ፤ ጫፉንም ግቢው ውስጥ ካለው ዋንዛ ጋር አጠበቀው። እጁን ሲያወጣ ክንዱ ተፍቆ ይደማ ነበር። መጋዙ እንደገና ጀመረ። ስንት ደቂቃ እንደፈጀ አላውቅም። ከፊት በኩል ጋሽ በቀለ ጮኸ፤ ቁም ሳጥኑ ሄደ አለ። እኛም ሰማነው። መጀመሪያ ሲወድቅ፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ ከመሬት ሆድ የወጣ የውኃ ድምፅ።

ሁለተኛው ቋሚ ወጣ። የአዴ ጫልቱን ፊት አየሁት። ጣውላ ከአልጋው ስር ሰደን፣ ከነፍራሻቸው ያዝናቸውና ጎተትን። ትከሻቸው ወጣ፣ ወገባቸው ወጣ፣ በመጨረሻ ያቺ የማትታዘዘው እግራቸው ማገሩ ላይ ተያዘች። አልወጣ አለች። እኔ እጄን ሰድጄ እግራቸውን ሳነሣ ከስሬ ጨለማውን አየሁት። ክብ ነው፣ ዳር ዳሩ በድንጋይ የተሠራ፣ የሰው እጅ ያበጀው ጉድጓድ። ከዚያ ሁላችንም ጭቃው ላይ ተከመርን።

ወለሉ ወዲያው አልተደረመሰም። እሳቸውን ዋንዛው ስር አድርሰን ነጠላዬን ካለበስኳቸው በኋላ ነው የሄደው። ቆርቆሮው ተንሿሿ፤ ክፍሉ ወደ ውስጥ ተጣጠፈ። ባዶው አልጋ በሁለት ገመድ ተንጠልጥሎ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቀረ።

አቶ ታፈሰ አጠገቤ ተቀመጠ። ሲጋራ ሊለኩስ ሦስት ክብሪት ሰበረ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እሱም እንደፈራ አልገባኝም ነበር። ምን ብለው ይጽፋሉ አልኩት። የሆነውን አለኝ። ሪፖርቱን በኋላ አነበብኩት። የቤቱ እመቤት በመጀመሪያ የተሳሳተ ነገር እንደነገረችው፣ ከዚያ ግን ማንም ሳያስገድዳት ራሷ መጥታ እንዳረመች ጽፏል። አላሳመረልኝም፣ አላከፋብኝምም። ከሥራዬ አልተወገድኩም። ጉድጓዱ በድንጋይ ተሞላ። አዲሱን ክፍልና ኩሽናውን ከጉድጓዱ ርቆ ሥሎልን፣ መሠረቱ ሲቆፈር ራሱ ቆሞ አየ። ጋሽ በቀለም ያን ቀን አካፋው አንድ ነገር በነካ ቁጥር እየጠራ ያሳየው ነበር።

ቶለሳ መንገድ ተዘግቶበት ከርሞ ሲመለስ ሁሉንም ነገርኩት፤ ትርጉሙንም ጭምር። ብዙ ቀን አላናገረኝም። አልፈረድኩበትም።

ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት አንዲት ክፍል፣ አንድ ኩሽና፣ አንድ አጥር ልትሠሩ ይሆናል። ለዚህች ብዬ ባለሙያ ልጥራ እንዴ ትሉ ይሆናል፤ እኔም ብዬ ነበር። ጥሩት። ከጠራችሁት ደግሞ የሚያሳፍራችሁን አስቀድማችሁ አሳዩት። እኔ ሰውየውን እንደ ዳኛ ነበር የማየው፤ የእኔን ቤት ሊጠብቅ የመጣ ሰው መሆኑን ያወቅሁት ልገድል ከደረስኩ በኋላ ነው። ሌላም ነገር ተለወጠብኝ። ኦሮምኛን እንደገና፣ በደንብ፣ ከአዴ ጫልቱ ተማርኩ። የተማሪ ወላጅ ከገጠር መጥቶ አስተርጉሚልኝ ሲለኝ ሁለት ጊዜ አዳምጬ ነው የምተረጉመው፤ አንዲት ቃል እንዳላጎድል።

አዴ ጫልቱ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖሩ። ከመሞታቸው በፊት በነበረው በጋ ፀሐይ ላይ አስቀምጬ ፀጉራቸውን ስሠራላቸው በድንገት በአማርኛ ተናገሩኝ። የተሰባበረ ነው፤ ግን አማርኛ ነው። ጎጆ ገበያ ላይ ከነጋዴ ሲገበያዩ የለመዱት መሆኑን ነገሩኝ።

«ያን ቀን፣ ለሰውየው፣ ደህና ነኝ አለች አልሽው» አሉኝ። «ሰማሁ።»

ማበጠሪያው ከእጄ ወደቀ። ታዲያ ለምን ዝም አሉ፣ ለምን እሱን መልሰው አልጠሩትም አልኳቸው።

ወደ ኦሮምኛቸው ተመለሱ። ፊትሽን አየሁት አሉ፤ ከእኔ ይልቅ አንቺ ፈርተሽ ነበር። በሰው ፊት ላዋርድሽ አልፈለግሁም። ትመለሺያለሽ ብዬ ጠበቅሁሽ።